ለእህቶቻችን ፔፐር ስፕሬይ ሰጥተን እንተኛ?



ባለፈው የሹራ ስብሰባ ላይ ከእህቶች ዘርፍ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። በጀመዓው ሣጥን ካለው ገንዘብ ተቀንሶ፣ ማታ ከመስጂድና ከላይብረሪ ለሚመለሱ እህቶች ፔፐር ስፕሬይ ይገዛ የሚል ነው። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ሙስሊም ሴት መሣሪያ ይዛ ልትዞር ነው እንዴ?» አለ። ገሚሱ «ይገዛ፤ ምን ያነጋግራል?» አለ። መስማማት ስላልተቻለ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር ተባለ።

እኛ የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ሦስት እህቶችና ሦስት ወንድሞች ነን። ጉዳዩን ይዘን ሁለት ሳምንት ተከራከርንበት። ስንጀምር እኛም እንደ ስብሰባው ለሁለት ተከፍለን ነበር። ስንጨርስ ግን ክርክራችን ከዕቃው ወጥቶ ወደ ራሳችን ዞረ። የደረስንበትን ከስብሰባው በፊት እንድታስቡበት እነሆ አቅርበናል።

ነገሩ ከየት ተነሣ?

እንደምታውቁት በግቢያችን ውስጥ የመስገጃ ቦታ የለንም። ለሰላት ከግቢ እንወጣለን። ከዋናው በር እስከ መስጂዱ በእግር ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ቀን ቀን መንገዱ ሰው አይጠፋበትም። ከዒሻ በኋላ ግን ሱቆቹ ይዘጋሉ፤ ከመብራት ምሰሶዎቹ የሚበሩት ጥቂቶቹ ናቸው፤ መብራት የጠፋ ዕለትማ እጅ ለእጅ ካልተያያዙ አይታለፍም። በረመዳን ደግሞ ተራዊህ ተሰግዶ ሲወጣ ሌሊቱ ገፍቷል፤ የግቢው በር የሚዘጋበት ሰዓትም ያስቸኩላል።

ባለፈው ረመዳን አንዲት እህታችን የዶርም ጓደኞቿ ፈተና ስለነበረባቸው ለብቻዋ ሄዳ ለብቻዋ ስትመለስ ሁለት ወጣቶች ተከተሏት። መጀመሪያ ለከፏት። ዝም ስትላቸው ተጠጓት። አንደኛው የሒጃቧን ጫፍ ያዘው። ሮጠች። አልሐምዱሊላህ፣ በሩ አጠገብ ስትደርስ ተመለሱ። እኛ ይህን የሰማነው በዘጠነኛው ቀን ነው። ለምን እንዳልነገረችን ስንጠይቃት የሰጠችን መልስ እስካሁን ከልባችን አልወጣም፦ «ብናገር ከእንግዲህ ተራዊህ አትሂጂ ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

እንግዲህ ሐሳቡን ያቀረቡት ይህን የሰሙ እህቶች ናቸው። ለፋሽን ወይም ፊልም አይተው የጠየቁ አይደሉም። ፈርተው ነው የጠየቁት፤ ፍርሃታቸውም እውነት ነው። ከዚህ ተነሥተን እንነጋገር።

ዕቃው ምንድን ነው?

በስብሰባው ላይ ስለ ፔፐር ስፕሬይ አጥብቀን ከተከራከርነው ብዙዎቻችን ዕቃውን በደንብ አናውቀውም ነበር። ስሙ እንደሚለው በርበሬ ነው። ሚጥሚጣን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ከቃሪያ ዝርያዎች በዘይት መልክ ይወጣና በግፊት ከታሸገች ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ይሞላል። ጫፏ ሲጫን ይረጫል። እናቶቻችን በርበሬ ሲያምሱ እያስነጠስን ከቤት የወጣንበትን ቀን አስታውሱ፤ ያንን ብዙ እጥፍ አድርጋችሁ በቀጥታ ዓይን ላይ አስቡት። ካፕሳይሲን በነርቮቻችን ላይ የሚገኘውንና ሙቀትን የሚያሳውቀውን ተቀባይ ስለሚነካ፣ እሳት ሳይኖር አእምሮ «ተቃጠልኩ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ይህን ተቀባይ ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት ሁለት ሳይንቲስቶች አንዱ ነው።

የተረጨበት ሰው ዓይኑ ይጨፈናል፣ ያስለዋል፣ ፊቱን ይለበልበዋል። አብዛኛው ሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሻለዋል። «የማይገድል መከላከያ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ሆኖም ብዙ ባለሙያዎች ዛሬ «የማይገድል» ከማለት ይልቅ «የመግደል ዕድሉ ያነሰ» ማለትን ይመርጣሉ። አስም ላለበት ሰው የመተንፈስ ችግር ሊያስከትል ስለሚችል ነው።

ጥቅሟ አንድ ነው። ከሁለት እስከ አራት ሜትር ርቀት ላይ ያለን አጥቂ ለጥቂት ጊዜ አቁማ ለማምለጥ ፋታ ትሰጣለች። ከዚያ በላይ አትጠብቁባት። ድክመቷ ግን ብዙ ነው። ነፋስ ከፊት ከመጣ የሚረጨው ወደ ረጪዋ ይመለሳል። በጠባብ ክፍል ወይም ባጃጅ ውስጥ ከተረጨች ጥፋተኛና ንጹሕ አትለይም። የሰከረ ወይም ዕፅ የወሰደ ሰው ላይቆምላት ይችላል። ጊዜዋ ካለፈ ግፊቷ ይቀንስና ሁለት ሜትር መድረስ ያቅታታል። ከቦርሳ ሥር ከመጽሐፍና ከቻርጀር ጋር ተቀብራ ከሆነ ደግሞ በሚያስፈልገው ሰዓት የለችም ማለት ነው። ኒቃብና ሒጃብ ለምንለብስ እህቶች ሌላም አለ፤ ዘይቱ ጨርቁ ላይ ካረፈ ጨርቁ እስኪወልቅ ድረስ ፊታችን ላይ ይዞ ያቆየዋል።

ከታሪኩም አንድ ነገር እንማር። እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ፒትስበርግ የሚኖር አላን ሊትማን የሚባል ሰው፣ የባለቤቱ የሥራ ባልደረባ በመንገድ ላይ ጥቃት ከደረሰባት በኋላ፣ ሴቶች በቦርሳቸው የሚይዙት የሚረጭ መከላከያ ሠራ። ስሙ ሜስ ተባለ። በውስጡ የነበረው በርበሬ ሳይሆን አስለቃሽ ኬሚካል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ፖሊሶች ታጠቁትና በሰልፈኞች ላይ ይረጩት ጀመር። ከዓመታት በኋላ በርበሬው የኬሚካሉን ቦታ ያዘ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 2011 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ካምፓስ፣ መሬት ላይ በሰላም በተቀመጡ ተማሪዎች ፊት ላይ የግቢው ፖሊስ ፔፐር ስፕሬይ ሲረጭ ዓለም በቪዲዮ አየ። ዩኒቨርሲቲው በኋላ 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማማ። ሴትን ለመጠበቅ የታሰበ ዕቃ ዞሮ የተቀመጠ ተማሪ ላይ ዋለ። መሣሪያ ባለቤቱን አይመርጥም። ከእህታችን እጅ የነጠቀው ሰው በራሷ ላይ ሊረጨው እንደሚችል መዘንጋት የለብንም።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

እኛ ፈትዋ ሰጪዎች አይደለንም። የተማርነውንና ኡስታዞቻችንን ጠይቀን የተረዳነውን ብቻ እናካፍላለን።

አንደኛ፣ ራስን መከላከል በዲናችን የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የተከበረ ነገር ነው። ሕይወቱን፣ ዲኑን፣ ቤተሰቡንና ንብረቱን ሲከላከል የተገደለ ሰው ሸሂድ እንደሆነ ከነቢዩ ﷺ የተላለፈውን ሐዲስ አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ ዘግበውታል። ስለዚህ «ሙስሊም ሴት መሣሪያ ይዛ ልትዞር ነው እንዴ?» ያለው ወንድማችን ቆም ብሎ ያስብ። ክብሯንና ሕይወቷን መጠበቅ ሐያእን አይጻረርም።

ሁለተኛ፣ «በአላህ መመካት ይበቃል» ለሚሉም መልስ አለ። ግመሉን ሳያስር በአላህ ይመካ እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው ነቢዩ ﷺ እንዲያስራትና እንዲመካ እንደነገሩት ቲርሚዚይ ዘግቧል። ሰበብ ማድረግ ከተወኩል ጋር አብሮ የሚሄድ ነው።

ሦስተኛ፣ ፉቀሃኦች አጥቂን ስለመመለስ ሲያስተምሩ ከቀላሉ ጀምሩ ይላሉ። በንግግር የሚመለስ በእጅ አይመታም፤ ሮጦ ማምለጥ ከተቻለ፣ ጮሆ ሰው መጥራት ከተቻለ፣ ወደ ባሰው አይታለፍም። አጥቂው ጀርባውን ሰጥቶ ሲሸሽ ደግሞ መከላከሉ አብቅቷል። ከዚያ በኋላ የሚረጭ ነገር በቀል ነው።

አራተኛ፣ የሚጎዳ ነገር የያዘ ሰው ለሌሎች የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት። በመስጂድ ወይም በገበያ መሐል ቀስት ይዞ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይወጋ ጫፉን በእጁ እንዲይዝ መታዘዙን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ወንድሙን በስለት የሚያመለክት ሰው፣ የእናት ያባቱ ልጅ ቢሆን እንኳ፣ መላእክት እንደሚረግሙት ሙስሊም ዘግቧል። ዶርም ውስጥ «ልርጭብሽ?» እያሉ መቀለድ እዚህ ውስጥ የሚገባ ይመስለናል።

ሕጉና የግቢው በር

የአገራችን ሕግ በዚህ ጉዳይ ከፉቀሃኦች ንግግር ብዙም አይርቅም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78፣ በራስ ወይም በሌላ ሰው ላይ የሚደርስን ሕገ ወጥ ጥቃት ለመመለስ የተደረገ ድርጊት እንደማይቀጣ ይደነግጋል። ጥቃቱ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ያለፈውን ይመለከታል። ስለዚህ ለለከፋ ፔፐር ስፕሬይ፣ ለስድብ ፔፐር ስፕሬይ አይሆንም።

ይህ ስለ አጠቃቀሙ ነው። መያዙ ሌላ ጥያቄ ነው። አገሮች በዚህ ይለያያሉ። ብሪታንያ በ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕጓ ፔፐር ስፕሬይን ከሽጉጥ ጋር በአንድ መዝገብ ከልክላለች። ጀርመን ውስጥ ግን ለእንስሳ መከላከያ ተብሎ የተጻፈበት በነፃነት ይሸጣል። በእኛ አገር መሣሪያን የሚመለከተው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ከሱ በተጨማሪ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች የሥነ ምግባር መመሪያና የበሩ ፍተሻ አለ። ጥበቃው ቦርሳ ሲፈትሽ ምልክት የሌላት ቆርቆሮ ሲያገኝ የሚጠይቀው «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። «በርበሬ ነው» የሚል መልስ ከዲሲፕሊን ኮሚቴ አያድንም። በእኛ ላይ ደግሞ አንዲት እህት «ኬሚካል ይዛ ተገኘች» ተብሎ ቢወራ ወሬው ከእውነቱ ቀድሞ ስንት ግቢ እንደሚደርስ ለማናችንም አይጠፋም። በጀመዓው ገንዘብ፣ በጀመዓው ስም፣ ለብዙ እህቶች ከመግዛታችን በፊት የሚመለከታቸውን ክፍሎች በጽሑፍ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ከዐረብ አገር ወይም ከአውሮፓ ዘመድ በሻንጣ ያምጣልኝ ያላችሁም ተዉት። በአየር ጉዞ ደንብ መሠረት እንዲህ ያለ ዕቃ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫን ሻንጣ አይፈቀድም። ዘመዳችሁን ችግር ውስጥ ትከቱታላችሁ።

በአንድ ዶርም የሆነው

ባለፈው ሴሚስተር አንዲት እህታችን በራሷ ገንዘብ እጅ በእጅ ከሚሸጥ ሰው አንዲት ቆርቆሮ ገዛች። ስምም፣ የሚያልፍበት ቀንም አልተጻፈባትም። ከፍራሿ ሥር አስቀመጠቻት። አንድ ሌሊት ጓደኛዋ አልጋው ላይ ስትቀመጥ ቆርቆሮዋ ተጫነችና ፈሰሰች። ስድስት ሴቶች እያሳሉ ኮሪደር ላይ ወጡ። አስም ያለባት አንዷ ክሊኒክ ተወስዳ እስከ ንጋት እዚያው ቆየች። አልሐምዱሊላህ ድናለች። ከሁሉም በላይ ያለቀሰችው ግን ቆርቆሮዋን የገዛችው እህት ነበረች።

የዚያ ሌሊት ሌላው ጥፋት አለማወቅ ነበር። ሁሉም ዓይናቸውን ያሹ ነበር፤ ማሸት ደግሞ ዘይቱን ያሰራጨዋል። ይህን ሁላችንም እንያዝ። በመጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ነው። ዓይን ሳይታሽ ቶሎ ቶሎ ማርገብገብና በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ፤ የዓይን ሌንስ ያደረገች ማውለቅ፤ ቆዳን በሳሙና መታጠብ፤ የነካውን ሒጃብና ልብስ ወዲያው መቀየርና ለብቻው ማጠብ ያስፈልጋል። መተንፈስ የከበዳት ካለች ሳይዘገይ ክሊኒክ መውሰድ ነው።

ጥያቄው ወደ እኛ ሲዞር

እስከዚህ ድረስ የተከራከርነው ስለ ቆርቆሮዋ ነበር። ከመካከላችን «ይገዛ» ብለው አጥብቀው የተናገሩት ወንድሞች ነበሩ። አንድ ማታ ከእህቶቻችን አንዷ ጠየቀች፦ «ከተራዊህ በኋላ እናንተ በየት በኩል ነበር የምትሄዱት?»

ወንድሞች ዝም አልን። እውነቱን እንናገር። በሩ እንዳይዘጋብን በአቋራጩ ቀድመን እንሄድ ነበር። አሥር አሥር ሆነን፣ እየተጫወትን፣ አንዳንዴም ሻይ ለመጠጣት እየተጣደፍን እንሄድ ነበር። እህታችን ለብቻዋ በሮጠችበት ሌሊት፣ በዚያው ሰዓት፣ ከዚያው መስጂድ ከመቶ የማናንስ ወንድሞች ወጥተናል። አንዳችንም አላየናትም፤ ወደ ኋላ ዞር ያለ ስላልነበረ።

እህቶችም የየራሳችን አለን። ጓደኛችን «ዛሬ ማነው የሚሄደው?» ብላ ስትጠይቅ «ፈተና አለብኝ» ብለን ስንተኛ ለብቻዋ እንደምትሄድ እናውቅ ነበር። ከሄደች በኋላም «ገባሽ ወይ?» ብለን አልደወልንም።

ያን ማታ ነው ክርክራችን የተለወጠው። «ይገዛ» ማለት ለምን እንደቀለለን ገባን። ለእህታችን ቆርቆሮ ሰጥተን «አሁን ተጠብቀሻል» ብንላት አማናው ከኛ ትከሻ ወርዶ ከሷ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ነገ አንድ ነገር ቢደርስባት ደግሞ «ስፕሬዩን ለምን አልተጠቀመችበትም?» ብለን እሷኑ እንጠይቃለን። የአጥቂው ጥፋት የሷ ስንፍና ሆኖ ይቆጠራል።

ከነቢያችን ﷺ ሕይወት የተማርነው ሌላ ነው። በረመዳን የመጨረሻ አሥር ሌሊቶች ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ እናታችን ሰፊያ ልትጠይቃቸው መጣች። ልትመለስ ስትነሣ አብረዋት ተነሥተው ሸኟት። በመንገድ ያለፉ ሁለት አንሷሮች ሲያዩአቸውም ሰፊያ መሆኗን በግልጽ ነገሯቸው። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። እንዲሁም ሰላት ሲያበቃ ሴቶች ቀድመው እንዲወጡ እርሳቸው በቦታቸው ጥቂት ይቆዩ እንደነበር እናታችን ኡሙ ሰለማ ያስተላለፈችውን ቡኻሪ ዘግቧል። ወንዶቹ ጥቂት ደቂቃ ይቆያሉ፤ ሴቶቹ ተረጋግተው ይሄዳሉ። የኛ ሱና ግን በአቋራጩ መሮጥ ሆነ።

ሁለት መቃወሚያዎች

«ሴት ቤቷ ብትሰግድ አይሻልም ወይ?» የሚል ወንድም እንደሚኖር እናውቃለን። የአላህን ሴት ባሮች ከመስጂዶቹ እንዳንከለክል የታዘዝነው በግልጽ ነው። ከዚያም በላይ ጉዳዩ የተራዊህ ብቻ አይደለም። ያቺው እህት ከላይብረሪ ትመለሳለች፣ ከላብራቶሪ ትመለሳለች፣ ለእረፍት ወደ ቤተሰብ ስትሄድ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ትወጣለች። ከመስጂድ ብናስቀራት ከትምህርትም ልናስቀራት ነው? መንገዱን ያበላሸው ለካፊው ነው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን እሷ እንድትሆን እየጠየቅን ነው። «አትሂጂ ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ» ያለችው እህት ይህንን ነው የፈራችው።

«ወንድሞችና እህቶች አብረው መሄዳቸው ኢኽቲላጥ አያመጣም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ተገቢ ነው፤ በንቀት አናልፈውም። እኛ የምንለው አንድ ወንድም አንዲትን እህት ለብቻዋ ይሸኛት አይደለም። እህቶች በቡድን በመሐል ይሄዳሉ፤ ሁለት ወንድሞች ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ ድምፅ በሚሰማበት ርቀት ይሆናሉ። ተራው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጨዋታ የለም፣ ስልክ መለዋወጥ የለም። ይህ በግልጽ የሚደረግ ኺድማ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለሚቀጥለው ስብሰባ እነዚህን ስድስት ነጥቦች እናቀርባለን።

1. ከዒሻና ከተራዊህ በኋላ እህቶች ቀድመው ይውጡ፤ ወንድሞች እህቶች መንገድ እስኪጀምሩ መስጂድ ይቆዩ። በየሌሊቱ አራት ተረኛ ወንድሞች ይኑሩ፤ ስማቸው ከሳምንቱ በፊት በቴሌግራም ቻናላችን ይለጠፍ። አሚሩም ከተራው አይውጣ።

2. ከላይብረሪ በማታ 3 ሰዓትና 5 ሰዓት ላይ ከበሩ የሚነሣ የእህቶች ቡድን ይኑር። ሙስሊም ላልሆኑ የግቢያችን ሴቶችም ክፍት ይሁን። ጨለማው የነሱም ነው፤ የዶርም ጎረቤቶቻችን ናቸውና ሐቅ አላቸው።

3. ጥቃት ወይም ለከፋ የደረሰባት እህት የምትነግራቸው ሁለት እህቶች ይመደቡ። የመጀመሪያ ቃላቸው «ለምን ወጣሽ?» እንዳይሆን አደራ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይመዝግቡ፤ እሷ ስትስማማ ብቻ ወደ ሥርዓተ ፆታ ቢሮ፣ ወደ ጥበቃ ወይም ወደ ፖሊስ አብረዋት ይሂዱ።

4. የጀመዓው ተወካዮች የተማሪዎች ዲኑን በበሩ ሰዓት፣ የከተማውን አስተዳደር ደግሞ በመንገዱ መብራት ጉዳይ በደብዳቤ ይጠይቁ። ደብዳቤው ረመዳን ሲገባ ሳይሆን ዛሬ ይጻፍ።

5. ከሣጥኑ ገንዘብ ለምትፈልግ እህት ሁሉ ፊሽካ ይገዛ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ጊዜ አያልፍበትም፣ ነፋስ አይመልሰውም፣ ዶርም ውስጥ ማንንም ክሊኒክ አያስገባም። የፊሽካ ድምፅ የሰማ ወንድም ግን መሮጥ አለበት። የሚሰማ ከሌለ ፊሽካም ጩኸት ብቻ ነው።

6. ፔፐር ስፕሬይን በተመለከተ፣ የግቢው ጥበቃ ክፍልና የተማሪዎች ዲን በጽሑፍ ይጠየቁ፤ የሕግ ትምህርት ቤቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከልም ይማከር። ከተፈቀደ፣ ለምትፈልግ እህት ብቻ፣ ስሟና ቀኗ የተጻፈባት ቆርቆሮ፣ አጠቃቀሙንና የመጀመሪያ እርዳታውን ከተማረች በኋላ ትሰጥ። ካልተፈቀደ ጀመዓው አይግዛ። ከዚያ በፊት ማንም እህት ከመንገድ ላይ እንዳትገዛ እንመክራለን። በፍርሃት የገዛች ካለች ግን አንፍረድባት፤ ብቻዋን የተውናት እኛ ነን።

ከነዚህ ስድስት ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ የሚጠይቁት ጊዜያችንን ነው። ለወንድሞች በሌሊት አሥር ደቂቃ መቆየት፣ ለእህቶች «ዛሬ ማነው የሚሄደው?» ስትባል መነሣት ነው። ከሣጥኑ ገንዘብ ማውጣት የቀለለን ይህን ላለመስጠት እንዳይሆን ራሳችንን እንጠይቅ።

ለወንድሞች አንድ ቃል ይቀረናል። ለካፊው ሁልጊዜ የውጭ ሰው አይደለም። በላውንጅ በር ላይ ቆሞ የሚያልፉ ሴቶችን የሚያሳቅቅ፣ ጓደኛው ሲለክፍ አብሮ የሚስቅ ከመካከላችን ይኖራል። ዓይንን መስበር ለወንዶችም የታዘዘ ነው። ጓደኛህን «ተው» ካላልከው ማታ ተረኛ ሆነህ ብትቆም ግማሽ ሥራ ነው።

ያቺን እህታችንን ይህ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት አስነብበናታል፤ ፈቅዳም ነው የወጣው። በሚመጣው ረመዳን ተራዊህ ትሄዳለች ወይ ብለን ጠየቅናት። «ከኋላዬ የሚሄዱትን የማውቃቸው ከሆነ እሄዳለሁ» አለችን። ስብሰባው ላይ እጃችንን ከማውጣታችን በፊት ይህን መልሷን እናስታውስ።

አላህ እህቶቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም አማናችንን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

የመጽሔቱ አዘጋጆች